የኔን ታውቂያለሽ

ጃለኔ ትእዛዝ በወረቀት የሚቀበል አስተናጋጅ ስታይ ከንፈሯን ትመጥጥ ነበር። የኀዘን አይደለም፤ የንቀት ነው። «ይሄ ደግሞ ጭንቅላቱን ቤቱ ጥሎት መጣ» ትላለች፣ ሰውየው እየሰማ።

እንዲህ የሚያናግራት ነገር ነበራት። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦና ወደ ነቀምቴ የሚያልፈው መኪና ጊንጪ ላይ ለምሳ ሲቆም፣ ብዙው የሚቆመው እትዬ ዓለሚቱ ምግብ ቤት ደጃፍ ነው። አንድ ቅጥቅጥ አውቶብስ ሙሉ ሰው በአንዴ ይፈሳል። ረዳቱ ከኋላ ሆኖ «ሃያ ደቂቃ ብቻ!» ብሎ ይጮሃል። ሁሉም እኩል ርቦታል፣ ሁሉም እኩል ቸኩሏል፣ ሁሉም ቀድሞ የገባ ይመስለዋል። ጃለኔ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ በጠረጴዛዎቹ መካከል አንድ ጊዜ ትዞራለች። ከዚያ ማድ ቤቱ መስኮት ላይ ትቆምና ታወርደዋለች፦

«ሁለት ጥብስ፣ አንዱ ቃሪያ አይንካው! አራት በያይነቱ! ለሹፌሩ ቅቅል፣ መረቁ ይብዛ! ሦስት ሽሮ በቅቤ፣ አንድ የጾም! ለዚያች ነፍሰ ጡር እንጀራው ትኩስ ይሁን!»

ምግቡ ሲወጣ «የማን ነው?» ብላ አታውቅም። ትሪው እንደ ደብዳቤ ባለቤቱ ፊት ያርፋል። ከወራት በኋላ ተመልሶ የመጣን መንገደኛ «ያለ ሚጥሚጣ ነው አይደል?» ትለዋለች። «እንዴት አወቅሽ?» ሲል፣ «ባለፈው ሚጥሚጣው አስነጥሶህ ጎረቤትህን አጥበኸው ነበር» ትላለች። ሰው ይስቃል። እሷ አትስቅም፤ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ደርሳለች።

ይህ ጭንቅላት ለእንጀራዋ ብቻ አልነበረም። ጃለኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት ወጥታ፣ በርበሬና ስኳር ከተጠቀለለበት የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ሳይቀር እያነበበች ራሷን ያስተማረች ልጅ ናት። ስምንተኛን በግል ተፈትና አለፈች፤ ከዚያ የማታ ትምህርት ገባች። ቀን ስትሮጥ ትውላለች፣ ማታ ሽርጧን ፈትታ ክፍል ትገባለች። ደብተር የምትይዘው ለወጉ ነበር። መምህሩ የተናገረውን በማግስቱ ሽንኩርት እየላጠች ለዱሬቲ፣ ለምግብ አብሳይዋ፣ ትደግምላታለች። ዱሬቲ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ኩላሊት ሥራ ከማንም የጊንጪ ነዋሪ የተሻለ ታውቅ ነበር።

አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ፈተናው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አምቦ ነው። እትዬ ዓለሚቱ የፈተናውን ሳምንት ሊሰጧት፣ ቦታዋንም ሊጠብቁላት ቃል ከገቡ ቆይተዋል። እንግዲህ የቀረው ጭንቅላቷ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ መቼ አሳፍሯት ያውቃል?

ስልኩ የገባው በዚህ መካከል ነው።

ክፉ ነገር ሆኖ አልገባም። ማታ ማታ መብራት ይጠፋል፤ በሻማ ሰሌዳ መገልበጥ ዓይን ያጠፋል። የማታው መምህር ሚልኪያስ ወጣት ነው፤ እሱም ቀን ሌላ ቦታ አስተምሮ ደክሞት ነው የሚመጣው። «የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቻለሁ» አለ አንድ ቀን። «ሰሌዳውን ፎቶ እያነሳሁ እልክላችኋለሁ፤ እናንተ አዳምጡ ብቻ።» ክፍሉ አጨበጨበ። ጃለኔ ስልኳ ቁልፍ ያለው፣ ከመደወልና ከባትሪ መብራት በቀር ምንም የማያውቅ ነበር። ከአንድ ረዳት ላይ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ ያገለገለ ስልክ ገዛች።

መጀመሪያ ሰሞን ተጠቀመችበት፤ እውነት ነው። ፎቶውን ትከፍታለች፣ ታነባለች። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ተለወጠ፤ መቼ እንደሆነ ራሷም አታውቅም። መምህሩ ሲናገር ጆሮዋ መቆም ተወ። ምን ያስቸኩላል? ይላካል። ሲላክ ደግሞ ማንበቡ ምን ያስቸኩላል? እዚያው አለ። ትምህርቱ ስልኩ ውስጥ እየተከመረ ሄደ፣ ጎተራ እንደሞላ ገበሬ ልቧ አረፈ።

ማታ ከክፍል ስትመለስ ጋደም ብላ «አንድ ገጽ ብቻ» ትላለች። ገጹ ሳይከፈት ከላይ አንድ ቪዲዮ ብቅ ይላል። ያንን ታያለች። ከእሱ ሥር ሌላ። ደስ ብሏት እንኳ ቢሆን ምን ነበረበት! ደስ አይላትም። አውራ ጣቷ ብቻ ይሠራል፤ ሌላው አካሏ ከሞላ ጎደል ሞቷል። መብራት ጠፍቶ በጨለማው ውስጥ ፊቷ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ስልኩ ፊቷ ላይ ሲወድቅ ትነቃለች፣ አንስታ ትቀጥላለች።

ጠዋት ስትነሳ ዓይኗ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስላታል። ራሷን አያማትም፤ ቢያማት ይሻላት ነበር፣ ክኒን አለው። የሚሰማት ሌላ ነው፦ ውሃ እንደጠገበ ጋቢ የሚከብድ ነገር ከግንባሯ ጀርባ ተሰቅሎ ይውላል። ቃል አፏ ድረስ መጥቶ ይመለሳል። አንድ ቀን «ጨው» የሚለው ቃል ጠፍቷት፣ «ያን... ነጩን!» አለች።

«ስኳር?» አለቻት ዱሬቲ።

«ምጣዱ ላይ ስኳር ልትነሰንሺ ነው? ነጩን!»

«ጨው በይኛ፣ የማታ ምሁር! ኩላሊት ያጣራዋል ያልሽኝን።»

ሌላ ቀን አንድ ጠረጴዛ ሻይ ሳይደርሰው ሄደ። ሌላ ቀን የነቀምቴው ሹፌር ቅቅል አዞ ቀይ ወጥ ደረሰው፤ ሰውየው ሳያጉረመርም በላው፣ ያውቃታላ! ጃለኔ ግን አየችው። «ዱሬ ናት አጣምማ የሰማችው» ብላ ለራሷ ነገረች። ለራሷ መዋሸት ከጀመረች ሰንብታለች።

ክፍል ውስጥም ደረሰባት። ሚልኪያስ አንድ ማታ ደብተሩን ዘግቶ፣ «ደም ከልብ ወደ ሳንባ በየትኛው የደም ሥር ይሄዳል? ጃለኔ» አለ። እሷን የጠራት ለማረፍ ነው፤ ሌላው ሲያቅተው የሚጠራት እሷን ነበረ።

ጃለኔ ተነሳች። ሥዕሉ ታያት። ቀዩ መስመር፣ ሰማያዊው መስመር፣ የሰሌዳው ጥግ ላይ የተቀመጠው የአንድ ተማሪ ኮፍያ ሳይቀር ታያት። ስሙ ግን የለም።

«አለኝ፣ መምህር» አለች። «ስልኬ ላይ አለኝ።»

ማንም አልሳቀም። የሚስቅ ቢኖር ደግ ነበር፤ ሁሉም ስልኩ ላይ ነበረው።

«ታዲያ አምቦ ስልክሽን ልኬ ላስፈትነው?» አለ ሚልኪያስ፣ በድካም። ስልክ ፈተና ግቢ እንደማይገባ ሁሉም ያውቃል። ከዚያ መልሱን ሊነግራቸው ፈልጎ ትንሽ አሰበ፣ ግንባሩን አሸ፤ ኪሱ ገብቶም የራሱን ስልክ አወጣ።

የሰኔ ጾም ገባ።

ሁዳዴ ለአስተናጋጅ ቀላል ነው፤ ሁሉም ይጾማል፣ ቅቤ ከማድ ቤት ይወጣል፣ ስህተት ቦታ የለውም። የሰኔ ጾም ግን እንዲያ አይደለም። ካህናቱ፣ ቆራቢዎቹና ጥቂት ጠንካራ አሮጊቶች ይጾሙታል፤ የቀረው ሰው «እሱ የቄስ ጾም ነው» ብሎ ጥብሱን ያዛል። ስለዚህ በሰኔ፣ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር፣ ማድ ቤቱ ውስጥ ሁለት ድስት ሽሮ ጎን ለጎን ይንተከተካል፤ አንዱ ቅቤ ያለው፣ አንዱ የሌለው። በአንድ ዓይነት ሸክላ ይወጣሉ፣ መልካቸውም አንድ ነው። የሚለያያቸው የአስተናጋጇ ጭንቅላት ነው።

ማክሰኞ ቀን አዴ ጌጤነሽ መጡ። አዴ ጌጤነሽ ከጄልዱ በኩል ወርደው፣ ጊንጪ ላይ መኪና ቀይረው፣ አምቦ ለዓይናቸው ክትትል የሚመላለሱ አሮጊት ናቸው። ቆራቢ ናቸው። ሲመጡ ሁልጊዜ ያችው ጥግ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ምግብ አያዙም። ከደመና ጀርባ እንዳለች ጨረቃ በደበዘዘው ዓይናቸው ወደ ጃለኔ አቅጣጫ እያዩ፣

«አከም፣ ኢንተላ ኮ፤ እንዴት ነሽ፣ ልጄ። የኔን ታውቂያለሽ» ይላሉ።

ታውቃለች። ጾም ሲሆን የጾም ሽሮ፣ ለስለስ ያለ። ፍስክ ሲሆን ትንሽ ቅቅል። ጃለኔ በዚህ ዓለም ላይ ከተባሏት ነገሮች ሁሉ የምትወደው ይህቺን አባባል ነበር፤ አንድም ቀን ግን ለማንም አልተናገረችም።

«አውቃለሁ፣ አዴ። ቁጭ ይበሉ።»

በዚያው ሰዓት የአምቦው አውቶብስ ቆሞ ሰዉን አፈሰሰው። ጃለኔ ዞረች። ጆሮዋ ውስጥ ትእዛዙ እንደ ድሮው በተራ አልተሰለፈም፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። አዴ ጌጤነሽ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ኦቦ ደቻሳ የሚባሉ ሆዳቸው ቀድሟቸው የሚገባ የእህል ነጋዴ ሽሮ በቅቤ አዘዋል። መስኮቱ ላይ ስትደርስ ጮኸች፤ ጮኸች እንጂ ምን እንዳለች ዛሬም ድረስ አታውቅም። ሁለት ሸክላ ተሰጣት። አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ አኖረች።

ትንሽ ቆይቶ የኦቦ ደቻሳ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«አንቺ ልጅ! እኔን ማን አመነኮሰኝ? ቅቤው የታለ?»

ሰው ሳቀ። «ሰማይ ቤት አስገብታህ ነው፣ ኦቦ፣ አመስግናት!» አለ አንዱ። ኦቦ ደቻሳም እየሳቁ ሸክላውን አጋድለው አሳዩ።

ጃለኔ አልሳቀችም። ወደ ጥግ ዞረች። አዴ ጌጤነሽ እጃቸው ከመሶቡና ከአፋቸው መካከል ቆሟል። ጣታቸው ጫፍ ላይ ቅቤው ያብለጨልጫል።

«ሁለተኛዋን ስጎርስ ሸተተኝ» አሉ አዴ ጌጤነሽ፣ ቀስ ብለው፣ ማንንም ሳይከሱ። «ሸተተኝ እኮ። ግን ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ ብዬ አፍንጫዬን ተጠራጠርኩ።»

ኦቦ ደቻሳ ሸክላቸውን ቀና አድርገው አስቀመጡ። እትዬ ዓለሚቱ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ወጥተው፣ ነጠላቸውን አመሳቅለው፣ አሮጊቷ እግር ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ። አዴ ጌጤነሽ በክርናቸው ያዟቸው።

«ተዪ፣ ዓለሚቱ። ባለማወቅ ነው።»

«ሐምሌ አምስት ሊቆርቡ አልነበረ? በእኔ ቤት!»

«እሱን ከንስሐ አባቴ ጋር እንነጋገራለን።» ከዚያ ዓይናቸውን ጃለኔ ወደቆመችበት መለሱ። ጃለኔ ስድብ ጠበቀች። ለስድብ ዝግጁ ነበረች፤ ስድብ ቢሆን መልስ አታጣም። «አይዞሽ» አሏት አሮጊቷ። «ደክሞሽ ነው። ቀን ሩጫ፣ ማታ ትምህርት። ጭንቅላት እኮ ሥጋ ነው፣ ልጄ። ትምህርቱ አድክሞሽ ነው።»

አፋቸውን ተጉመጥምጠው፣ ምንም ሳይበሉ ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ያዝንላት ጀመር። ዱሬቲ እንኳ መስደቧን ተወች፤ ይህ ከሁሉም የባሰ ነበር። «ሽንኩርቱን እኔ ልላጠው፣ አንቺ ተቀመጪ» ትላታለች። ሹፌሮቹ «ትምህርት እንዲህ ያደርጋል፤ የአክስቴ ልጅ በትምህርት አብዷል» ይላሉ። እትዬ ዓለሚቱ በማግስቱ ከሱቅ አንድ ትንሽ ብጫቂ ደብተርና እስክሪብቶ ገዝተው አመጡላት።

«ከዛሬ ጀምሮ ጽፈሽ ተቀበዪ።»

«እኔ?»

«አንቺ። ለጊዜው ነው። ደግሞ አስቤበታለሁ፤ የዘንድሮውን ፈተና ተዪው።» ጃለኔ አፏን ስትከፍት እጃቸውን አነሱ። «ለክፋት አይደለም። እንዳንቺ ያለ ጭንቅላት ሲያረጅብኝ ማየት አልፈልግም። ያ የማታ ትምህርት በልቶሻል። ዕረፊ፤ ለከርሞ ትፈተኛለሽ። ያን ሳምንት እኔም ሰው የለኝም፤ አሁን ትተሽኝ ብትሄጂ አልችልም።»

ለከርሞ። ጃለኔ ቃሉን እያላመጠች ወረቀቷን ይዛ ወደ ጠረጴዛዎቹ ሄደች። እስክሪብቶው በላቧ እየተንሸራተተ ጻፈች። መስኮቱ ላይ ደርሳ ወረቀቱን ለዱሬቲ ዘረጋችላት፤ ዱሬቲም ወረቀቱን አይታ፣ እሷን አይታ፣

«እኔ ምን ላድርገው? ላብስለው?» አለች። «አንብቢልኛ!»

ስለዚህ እንደ ዲያቆን አነበበችላት። ከዚያ በፊት ንቃቸው የነበሩት አስተናጋጆች ሁሉ በአንዴ ቤቱ ውስጥ ተሰብስበው የሚያዩዋት መሰላት።

ያን ማታ ክፍል አልገባችም። ስልኳን ከፍታ የሰሌዳ ፎቶዎቹን ፈለገች፤ ይህን ያህል ወር የከመረችውን። ጎተራው ተከፈተ። ብዙው የደበዘዘ ነው፤ በአንዱ ላይ የሰው ማጅራት፣ በሌላው ላይ የመምህር ሚልኪያስ ክርን። የሚነበበውንም ስታነበው አዲስ ሆነባት። የሰማችው፣ የተቀመጠችበት ክፍል፣ ግን እንግዳ። ዘንድሮ ካለፈ ለከርሞ የሚቀራት ነገር እንደማይኖር ያን ጊዜ ገባት። ከርሞ የምትፈተነው ሌላ ሴት ናት፤ ጨው የሚባል ቃል የጠፋባት፣ ሰው የሚያዝንላት፣ «በትምህርት የተጎዳች» የምትባል ሴት። ያቺን ሴት ማንም አምቦ አይልካትም።

እውነቱን ብትናገርስ? ትምህርት አይደለም ብትል? ከዚያ ይጠይቋታላ፤ ታዲያ ምንድን ነው ይሏታል። ለዚህ ጥያቄ ያላት መልስ እንዲህ የሚያሳፍር ስለሆነ፣ እብድ መባልን ልትመርጥ ምንም አልቀራት።

እያሰበች ከላይ አንድ ቪዲዮ ብቅ አለ። ከፈተችው። ያን ማታም፣ በዚያ ሁሉ ኀፍረት መካከል፣ ስልኩ ፊቷ ላይ እስኪወድቅ አየች።

በሳምንቱ ማክሰኞ አዴ ጌጤነሽ ለዓይናቸው ቀጠሮ እንደገና ወረዱ። ገና መኪና አልቆመም፤ ቤቱ ባዶ ነበር። እትዬ ዓለሚቱ ተቀብለው አስቀመጧቸው፣ ራሳቸውም አጠገባቸው ተቀመጡ። ዱሬቲ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። ጃለኔ ብጫቂ ደብተሯን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ ቆመች።

«ቄስ ገብረአማኑኤልን አነጋገርኳቸው» አሉ አሮጊቷ። «ባለማወቅ የበላሽው አይቆጠርብሽም፣ ጥቂት ስገጂ አሉኝ። ግን ልቤ አላረፈም፤ ቁርባኔን ለፍልሰታ አሳድሬዋለሁ።» ወደ ጃለኔ ዞሩ። «ስለ አንቺም ጠየቁኝ። በንቀት ነው በድካም? አሉ። በድካም ነው፣ አባታችን፤ ልጅቷ ሌት ተቀን ትማራለች፣ ትምህርት ነው ያደከማት ብዬ መሰከርኩልሽ።»

«እኔም ያልኳት ይህንኑ ነው» አሉ እትዬ ዓለሚቱ። «ዘንድሮ አትፈተንም፤ ታርፋለች።»

«ደግ አደረግሽ።»

ሁለቱም በርኅራኄ አዩዋት። ጃለኔ ያን አስተያየት መሸከም አቃታት። ኩራቷ ነው የተናገረው፣ ወይስ ኩራቷ ነው የተሰበረው? እሷም አልለየችውም።

«ትምህርት አይደለም» አለች።

«ምኑ?»

«ያደከመኝ። ትምህርት ቢሆን ባልደከመኝ። መስከረም ላይ እማር አልነበር? የዛሬ ዓመትስ? ስልክ ነው።»

እትዬ ዓለሚቱ ቀና አሉ። «ማን ነው?»

«ማን ማን ነው?»

«የሚደውልልሽ። ሹፌር ነው?»

«ማንም አይደውልልኝም፣ እትዬ። አያለሁ።»

«ምን ታያለሽ?»

«ምንም።»

«እስከ ስንት ሰዓት ነው ምንም የምታዪው?»

«ዶሮ እስኪጮህ።»

ዱሬቲ ከመስኮቱ ሆና በግማሽ ወጣች። «ቆይ ቆይ። ሽሮው የተደባለቀ ዕለት፣ በዋዜማው ማታ፣ ምን ነበር ያየሽው?»

ጃለኔ ለማስታወስ ታገለች። ይህንኛውን ማስታወስም ከበዳት። «አንድ ሰውዬ ምንጣፍ ሲያጥብ።»

«የማንን ምንጣፍ?»

«አላውቅም። የቆሸሸ ምንጣፍ ነው። ውሃ ይለቅበታል፣ አረፋ ያደርግበታል፣ ይፍቀዋል። መጨረሻ ላይ ቀለሙ ይወጣል።»

«ከዚያስ?»

«ሌላ ምንጣፍ ያመጣል።»

ዱሬቲ ሳቋ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። «ወይ ጉድ! እኔ ሳዝንላት ሽንኩርቱን ብቻዬን ልጬ! እዚህ የሚታጠብ ድስት ሞልቶ የሰው ምንጣፍ ታያለች!» ስድቡ ተመለሰ። ጃለኔ በዚህ ሁሉ መካከል አንድ የቀለለ ነገር ተሰማት።

አዴ ጌጤነሽ ግን አልሳቁም። ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ።

«እንግዲያው ለንስሐ አባቴ ዋሸሁ» አሉ።

«እኔ ነኝ ያስዋሸሁዎት፣ አዴ።»

«በንቀት ነው በድካም ሲሉኝ አሁን ምን ልበላቸው?»

ጃለኔ አሰበች። «በድካም ነው» አለች በመጨረሻ። «ግን የማይረባ ድካም ነው። ውሃ አልቀዳሁበት፣ እንጨት አልሰበርኩበት፣ አላነበብኩበት።»

አሮጊቷ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። መስማማት ይሁን ማዘን አያስታውቅም።

እትዬ ዓለሚቱ ተነሱ። ፊታቸው ላይ ቁጣውና ግራ መጋባቱ ይጋፋል። «ትምህርት ነው ብዬ፣ እኔ ሞኟ፣ ደብተር የሚባል ነገር ዓይኗ እንዳያይ ልከለክላት ነበር እኮ!» ጥቂት ወዲያ ወዲህ አሉ፤ ወንበር አስተካከሉ፣ የተስተካከለውን መልሰው አስተካከሉ። «እሺ። ትምህርቱ ካልበላሽ ፈተናውን በምን ልከልክልሽ? ሂጂ። ሳምንቱ ያንቺ ነው፤ ሰው እፈልጋለሁ። ስልኩን አምጪ አልልሽም፤ አልወለድኩሽም። እዚያ ግቢ ውስጥ እንደሁ አያስገቡልሽም። የዚያን ጊዜ ምን እንደቀረሽ ታዪዋለሽ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«ወረቀቱ ግን አይነሳም።»

«እሺ።»

ፈተናው ቀርቧል። በቀሩት ቀናት የሄደው ሁሉ እንደማይመለስ ጃለኔ ታውቃለች፤ ዛሬ ማታም አውራ ጣቷ እንደሚያሳክካት ታውቃለች። ትናንት በብጫቂው ደብተር ጀርባ አንድ የሰሌዳ ፎቶ በእጇ ገልብጣ ነበር። አንዱን ገጽ ለመጨረስ ያን ያህል ጊዜ ይፈጃል ብላ አላሰበችም። ሦስት ጊዜ ስልኩን አነሳች፣ ሦስት ጊዜ አስቀመጠች፣ በአራተኛው ተሸነፈች። ግን ገጹ አልቋል።

አዴ ጌጤነሽ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ። ጃለኔ ቀረብ ብላ ጠበቀች። ያቺን ሁልጊዜ የሚሏትን ጠበቀች።

«የጾም ሽሮ» አሉ አሮጊቷ። ቃሉን እየለዩ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርገው። «ቅቤ የሌለው። ሰማሽ፣ ኢንተላ ኮ?»

«ሰማሁ፣ አዴ።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ጃለኔ ብጫቂ ደብተሯን ከሽርጧ ኪስ አወጣች። «የጾም ሽሮ። ቅቤ የሌለው።»

«አዎ።»

ጻፈችው። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ወረቀቱን አጥፋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው፣ እጇንም ወደ ኋላ አጣመረች። «አንድ የጾም ሽሮ! ቅቤ የሌለው!» አለች። አንድ ትእዛዝ ነው፤ ድሮ በአንድ ትንፋሽ አንድ አውቶብስ የምታወርድ ሴት። ከዚያ ዞራ ማድ ቤት ገባች፣ ድስቱ ሲጨለፍ አጠገቡ ቆማ አየች፣ ሸክላውን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች።

አዴ ጌጤነሽ ከመቁረሳቸው በፊት ጎንበስ አሉ። በሸክላው ላይ ፊታቸውን አቅርበው አሸተቱት። ረዘም አድርገው። አንድ ጊዜ ቀና አሉና ደግመው አሸተቱት። ከዚያ አማተቡና ጎረሱ።

ጃለኔ ጉርሻው እስኪወርድ ድረስ ከአጠገባቸው አልተንቀሳቀሰችም። ከውጭ የአውቶብስ ፍሬን ጮኸ፣ በሩ ተከፈተ፣ ረዳቱ «ሃያ ደቂቃ ብቻ!» ብሎ ለፈፈ። ወረቀቷን ከኪሷ አውጥታ ወደ ሰዉ ዞረች።